አዲስ ማሽን፣ የጣት አሻራና ካሜራ፦ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ምን ይጻፍ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር አመራር ነን። ቋሚ ሠራተኛው 320 ነው። ማኔጅመንቱ ባለ መወርወሪያ የሆኑትን የድሮ የሽመና ማሽኖች አንሥቶ በኮምፒውተር የሚሠሩ ሊተክል ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያው በጣት አሻራ ይሆናል፣ በየክፍሉም ካሜራ ይሰቀላል ተብሏል። ስንጠይቅ 'ቴክኖሎጂ የአሠሪ መብት ነው፣ ለድርድር አይቀርብም' ይሉናል። የኅብረት ስምምነታችን ሊያበቃ አምስት ወር ቀርቶታል። ምን መጠየቅ እንችላለን? ሰው ይቀነሳል የሚባለውስ እንዴት ይያዛል?»

ማኔጅመንቱ ያላችሁ ግማሹ እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 28 ምርታማነትን ለማሳደግ የአሠራር ዘዴ መለወጥን ወይም አዲስ ቴክኖሎጂ ማስገባትን ሠራተኛን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። አሠሪው ማሽን ለመግዛት ማኅበሩን ማስፈቀድ አለበት የሚል ድንጋጌም የለም። ሌላውን ግማሽ ግን አልነገሯችሁም። የሥራ ሁኔታ፣ የሥራ ሰዓትና የእረፍት ድልድል፣ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት፣ ዝውውር፣ የደረጃ እድገት፣ ቅነሳና ዲሲፕሊን በዚያው አዋጅ በኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ውል፣ የሚወሰኑ ጉዳዮች ናቸው። አዲስ የሽመና ማሽን ተተክሎ ከእነዚህ አንዱንም ሳይነካ ሊሠራ አይችልም። ስለዚህ «ማሽኑ አይግባ» ብላችሁ አትቅረቡ። በሕግ አያስኬድም፤ ያረጀ ማሽን ይዞ ገበያ ያጣ ፋብሪካም ለሠራተኛው አይጠቅምም። መደራደር ያለባችሁ መቼ እንደሚነገራችሁ፣ ሥራው በማን ላይ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የለውጡን ወጪ ማን እንደሚሸከም፣ መሣሪያው የሚመዘግበው ቁጥር በማን ላይ ለምን እንደሚውል ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው የማሳወቂያ ጊዜ ነው። ብዙ ስምምነቶች «አዲስ ቴክኖሎጂ ከመተከሉ በፊት ማኅበሩ ይነገረዋል» ብለው ያልፋሉ። ይህ አይረዳም። የግዢ ውሉ ተፈርሞ ቅድሚያ ክፍያ ከተላከ የማሽኑ ዓይነት፣ ብዛት፣ አቀማመጥ፣ አብሮ የሚመጣው ሶፍትዌር ሁሉ ተወስኗል፤ ማኅበሩ ሊለውጥ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። አንቀጹ «የግዢ ውል ከመፈረሙ በፊት» ማለት አለበት። ለማምረቻ ማሽን 90 ቀን፣ ለመቆጣጠሪያ መሣሪያና ለሶፍትዌር 30 ቀን ብትጠይቁ ምክንያታዊ ነው። ትርጉሙም ሰፊ ይሁን፤ ማሽን ሳይለወጥ በነበረው ላይ አዲስ ፕሮግራም መጫንም የቴክኖሎጂ ለውጥ ነው። ዛሬ ምርት ብቻ የሚቆጥር ማሽን በሚቀጥለው ዓመት አንድ የሶፍትዌር ክፍል ሲከፈትለት በሠራተኛ ስም እየለየ መቁጠር ሊጀምር ይችላል።

ማሳወቂያው ሳይደረግ ቢቀርስ? እዚህ ላይ ነው አብዛኛው አንቀጽ የሚወድቀው፤ ግዴታውን ይጽፋል፣ ግዴታው ሲጣስ የሚከተለውን አይጽፍም። የሚከተለውን ዓይነት ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ «በዚህ አንቀጽ መሠረት ሳይገለጽና ምክክር ሳይደረግበት ከተተከለ መሣሪያ የተገኘ መረጃ በማናቸውም ሠራተኛ ላይ ለዲሲፕሊን ወይም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም፤ በመሣሪያውም ምክንያት ምክክሩ እስኪጠናቀቅ ድረስ ሠራተኛ አይሰናበትም፣ ደረጃውም አይቀነስም።»

አሁኑኑ ደግሞ ደብዳቤ ጻፉ። የስምምነቱን ማብቂያ አትጠብቁ። ደብዳቤው በቁጥርና በቀን ወጪ ሆኖ፣ በቅጂው ላይ የተቀባዩ ፊርማና ማኅተም ያርፍበት። የማሽኑን ዓይነትና ብዛት፣ የሚገባበትን ወር፣ እያንዳንዱ የሥራ መደብ አሁን ስንት ሰው እንዳለውና ከተከላው በኋላ ስንት እንደሚኖረው፣ ተከላውንና ጥገናውን ማን እንደሚሠራ፣ የድምፅና የብናኝ መጠኑን፣ የማሽኑ ስክሪንና መመሪያ በምን ቋንቋ እንደሆነ፣ ምን መረጃ እንደሚመዘግብ፣ መረጃው የት እንደሚቀመጥና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ብዙ ማኅበራት ይዘሏቸዋል። ውሉ ተፈርሞ እንደሆነም በግልጽ ጠይቁ፤ መልሱ ድርድሩ በምን ላይ እንደሚያተኩር ይወስናል።

መረጃው ሲሰጥ ሠራተኛው በሚረዳው መንገድ ይሁን ማለትም መብት ነው፤ ተጽፎ ይግባ። በኖርዌይ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ማዕከላዊ ድርጅቶች በ1975 እ.ኤ.አ. ኮምፒውተርን በተመለከተ ባደረጉት ስምምነት፣ አሠሪው ስለሚያስገባው ሥርዓት የሚሰጠው መግለጫ ልዩ ሙያ የሌለው ሰው በሚገባው ቋንቋ መሆን እንዳለበት አስፍረዋል። ሠራተኞቹ ይህን ጉዳይ የሚከታተል የራሳቸው ተወካይ እንዲመርጡም አስችሏል። ይህን ከሰው ሀገር ሳይሆን ከራሳችሁ ፍላጎት አንጻር ተመልከቱት። አንድ መካኒክ፣ አንድ ሸማኔ፣ አንድ ከሂሳብ ክፍል፣ አንዲት ከጨረሳ ወይም ከማሸጊያ ክፍል ያካተተ የቴክኖሎጂ ንዑስ ኮሚቴ ካላቋቋማችሁ፣ የቀረበላችሁን ሰነድ የሚያነብ ሰው ድርድር ክፍል ውስጥ አይኖርም።

አሁን ወደ ሽመና ክፍሉ እንግባ፤ ከሁሉ የሚያጣላው ነጥብ እዚያ ነው። ማኔጅመንቱ «አዲሱ ማሽን ራሱን ስለሚቆጣጠር አንድ ሰው 10 ማሽን ይይዛል» ይላል። ማኅበሩ «6 ይበቃል» ይላል። ሁለቱም የማሽን ብዛት እየቆጠሩ ይጨቃጨቃሉ። መቆጠር ያለበት ማሽኑ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚቆምና አንዱን ማቆሚያ ለማስተካከል ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ነው።

ለምሳሌ ያህል ዛሬ አንዲት ሸማኔ 4 ማሽን ይዛለች እንበል። እያንዳንዱ በሰዓት 3 ጊዜ ይቆማል፤ የተቆረጠውን ድር ወይም ማግ ቀጥላ ለማስነሣት 2 ደቂቃ ይፈጅባታል። 4 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ2፣ 24 ደቂቃ። ከሰዓቱ ቀሪው 36 ደቂቃ ጨርቁን ለመፈተሽ፣ በማሽኖቹ መካከል ለመመላለስና ለመተንፈስ ነው። በአዲሱ 10 ማሽን ተሰጣት። ማሽኑ ፈጣን ቢሆንም የመቆሚያው ብዛት 3 ሆኖ ቢቀጥልና ማስተካከያው ወደ አንድ ደቂቃ ተኩል ቢወርድ 45 ደቂቃ ይሆናል። ከባድ ነው፣ ግን ይሠራል። ክሩ ደካማ በሆነበት ሳምንት መቆሚያው 5 ሲሆንስ? 10 ሲባዛ በ5 ሲባዛ በ1.5፣ 75 ደቂቃ። በ60 ደቂቃ ውስጥ የ75 ደቂቃ ሥራ ማንም አይሠራም። ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ ግን የቆመበትን ጊዜ በእሷ ስም ይመዘግባል፤ በወሩ መጨረሻ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» የሚል ወረቀት ይደርሳታል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። አየሩ ሲደርቅ ክር ይሰባበራል፣ የእርጥበት መቆጣጠሪያ በደንብ ካልሠራ መቆሚያው ይበዛል። ማሽኑን የሸጠው ኩባንያ በካታሎጉ የጻፈው ቁጥር የሙቀትና የእርጥበት መጠኑ ተስተካክሎ በተለካበት ክፍል የተገኘ ነው። ስለዚህ የማሽን ድልድሉ በካታሎግ ሳይሆን በራሳችሁ ክፍል፣ በራሳችሁ ክር፣ በቀንም በሌሊትም ፈረቃ ቢያንስ ለ90 ቀን ተለክቶ ይወሰን። ልኬቱን የሁለቱም ወገን ሰዎች አብረው ይያዙ። በሰዓት ውስጥ ማሽን ለማስነሣት የሚውለው ጊዜ ከ60 በመቶ ማለትም ከ36 ደቂቃ በላይ ከሆነ ድልድሉ በራሱ ይቀነሳል የሚል ገደብ እንዲገባ እመክራለሁ። የክር ዓይነት ሲለወጥ ልኬቱ ይደገም።

ማሽኑ ሲቆም ምክንያቱን በኮድ የሚመዘግብ ከሆነ፣ የኮዶቹ ዝርዝር የስምምነቱ አባሪ ይሁን። የመብራት መቋረጥ፣ የመለዋወጫ እጥረት፣ መካኒክ መጠበቅ፣ የክር ጥራት፣ የድር ጥቅል ለመቀየር መጠበቅ ከግል ምዘና ውጭ መሆናቸው በስም ተጠርቶ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ ጥፋቱ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው ማሽኑ አጠገብ በቆመው ሰው ላይ ነው። የድምፁን ነገርም አትርሱ፤ የሽመና ክፍል ድምፅ በየቀኑ ለስምንት ሰዓት ጆሮን ከሚጎዳው የ85 ዴሲቤል መጠን በላይ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ከተከላ በፊትና በኋላ ልኬትና የመስማት ምርመራ በአሠሪው ወጪ ይደረግ።

የጣት አሻራው ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከማሽኑ እኩል ጊዜ ስጡት እላለሁ፤ ምክንያቱ አንቀጽ 27 ነው። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ከሥራ ሰዓት ካረፈደ፣ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። ድሮ የፈረቃ ኃላፊው በዓይኑ አይቶ የሚያልፋት የሦስት ደቂቃ መዘግየት አሁን በማሽን ትቆጠራለች። ነገር ግን ያው ድንጋጌ የማርፈዱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው ከሆነ እንደማይቆጠር ይናገራል። በሩ በሕጉ ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ግቡበት።

አንቀጹ ቢያንስ እነዚህን ይያዝ። ከመግቢያ ሰዓት በኋላ እስከ 10 ደቂቃ ያለው ማርፈድ አይደለም። የድርጅቱ ሰርቪስ ከዘገየ ከጫጫም ሆነ ከቀይት የሚመጣው ሠራተኛ አላረፈደም፤ የሰርቪሱ መድረሻ ሰዓት በጥበቃ መዝገብ ይሰፍራል። መሣሪያው ካልሠራ ወይም ጣት አላነብ ካለ በወረቀት መዝገብ መፈረም እኩል ዋጋ አለው። ይህ የመጨረሻው ለእናንተ በተለይ አስፈላጊ ነው። በብርድ የተሰነጣጠቀ፣ በማቅለሚያ ኬሚካል የተላጠ፣ በክርና በብረት ሥራ የተፋፋቀ ጣት በአንባቢው ላይ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ሠራተኛው አምስት ጊዜ እየሞከረ ከኋላው ሰልፍ ይረዝማል፤ በሰልፉ መጨረሻ ያለው ሰው በሰዓቱ ደርሶ ሳለ አርፍዷል ይባላል። በአንድ በር ለ100 ሰው አንድ አንባቢ አይበቃም፤ ብዛቱን በስምምነቱ ወስኑ፣ ካርድም አማራጭ ሆኖ ይቅረብ።

ሌላ ችግር ደግሞ በሰዓት አቆጣጠሩ አለ። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በአውሮፓ ሰዓትና ቀን ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚወጣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፣ ፕሮግራሙ በትክክል ካልተስተካከለ፣ መግቢያው በአንድ ቀን መውጫው በሌላ ቀን ይመዘገብና ሁለቱም ቀን «ያልተሟላ» ወይም «ቀሪ» ሆኖ ይወጣል። የትርፍ ሰዓት ስሌቱም ይዛባል፤ በአዋጁ የቀን ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ስድስት ሰዓት የሚያዛንፍ ቅንብር ያለው ፕሮግራም ይህን ሁሉ ያቃውሳል። መብራት ጠፍቶ የመሣሪያው ባትሪ ደክሞ ከሆነም ሰዓቱ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። መድኃኒቱ ይህ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት አሻራውና የወረቀት መዝገቡ ጎን ለጎን ይሠሩ፤ በየወሩ ደመወዝ ከመሰላቱ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት የታተመ የራሱን ዝርዝር ይቀበል፤ ለመቃወም 5 የሥራ ቀን ይኑረው፤ በክርክር ላይ ባለ ሰዓት ደመወዝ አይቆረጥ። ከደመወዝ መቁረጥ በራሱ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ የተከለከለ ነው፤ በወር የሚቆረጠውም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

አሻራው ራሱ ደግሞ የሠራተኛው የግል መረጃ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጣት አሻራን የመሰለ ባዮሜትሪክ መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ከሚደረግለት ክፍል ውስጥ ነው፤ ተቆጣጣሪው አካልም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በስምምነቱ ላይ መሣሪያው የአሻራውን ምስል ሳይሆን ከእሱ የተወሰደውን የቁጥር ኮድ ብቻ እንዲያስቀምጥ፣ ለሌላ ድርጅት እንዳይተላለፍ፣ ሠራተኛው ሥራ በለቀቀ በ30 ቀን ውስጥ እንዲጠፋና መጥፋቱ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ አስጽፉ። ሁሉም ሠራተኛ «ፈቅጃለሁ» የሚል ወረቀት እንዲፈርም ቢቀርብላችሁ አትቸኩሉ። እንጀራው በአሠሪው እጅ ያለ ሰው የፈረመው ፈቃድ ደካማ ዋስትና ነው፤ ጥበቃው በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ይኑር።

ካሜራን በተመለከተ አጭር ልሁን። ለንብረት ጥበቃና ለአደጋ ምርመራ በበር፣ በመጋዘንና በማሽን መስመር ላይ መሆኑን መቃወም አስቸጋሪ ነው። በልብስ መቀየሪያ፣ በመጸዳጃ፣ በክሊኒክ፣ በመመገቢያ ክፍልና በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግን በፍጹም። ድምፅ አይቅዳ። የካሜራዎቹ ቦታ በካርታ የስምምነቱ አባሪ ይሁን፤ ቅጂው ከ30 ቀን በላይ አይቀመጥ፤ ለዲሲፕሊን ሲፈለግ የማኅበሩ ተወካይ ባለበት ብቻ ይከፈት፤ ሠራተኛውም የተቆረጠውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የማየት መብት ይኑረው። በጀርመን ሕግ የሠራተኛን ጠባይና አፈጻጸም ለመቆጣጠር የሚያስችል ማንኛውም የቴክኒክ መሣሪያ ያለ ሠራተኞች ምክር ቤት ስምምነት ሥራ ላይ አይውልም። በእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ግልጽ ድንጋጌ ስለሌለ፣ ያንኑ ውጤት በውል ማምጣት የተደራዳሪው ሥራ ነው።

ወደ ሥልጠናና ቅነሳ ስንመጣ፣ ሁለቱን ለየብቻ አትያዟቸው። አንቀጽ 28 ሠራተኛ አሠሪው ያዘጋጀለትን ሥልጠና ባለመቀበሉ የሥራ ችሎታ ካጣ፣ ወይም ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ካላገኘ በማስጠንቀቂያ ሊሰናበት እንደሚችል ይናገራል። በተግባር የሚሆነው ይህ ነው፦ ሥልጠናው ከፈረቃ በኋላ ይደረጋል፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፣ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ 20 ዓመት በመወርወሪያ ማሽን የሠራች፣ ጨርቁን በእጇ ዳስሳ ጉድለቱን የምታውቅ ሴት በአንድ ሳምንት ውስጥ «ብቁ አይደለችም» ትባላለች። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ወይም የኮሌጅ ማስረጃ መስፈርት ይመጣና ቦታው ለአዲስ ተቀጣሪ ይሆናል። ስለዚህ ሥልጠናው በሥራ ሰዓት፣ በሙሉ ደመወዝ፣ በአማርኛ፣ በተግባር በማሽኑ ላይ ይሁን። ፈተናው የተግባር ይሁን፤ ለወደቀ ሰው ሁለተኛ ዕድል ይኑር። አዲሱ ማሽን ላይ ለመመደብ ቅድሚያ በክፍሉ ላሉ ነባር ሠራተኞች በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል ይሰጥ፤ የትምህርት ማስረጃ መስፈርት ለነባር ሠራተኛ አይጠየቅ። እነዚህ ሳይሟሉ ሥልጠና አልወስድም ያለ ሠራተኛ «እንዳልተቀበለ አይቆጠርም» የሚለው ቃል በቃል ይጻፍ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያሉትም ሲመለሱ ሥልጠናው ይሰጣቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

ቅነሳ ካልቀረ ደግሞ ቁጥሩን ተጠንቀቁ። በአንቀጽ 29 «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚባለው ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶውን የሚነካ ሲሆን፣ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው ሲነካና ይህም ለተከታታይ 10 ቀናት ያላነሰ ጊዜ ሲቆይ ነው። የእናንተ 10 በመቶ 32 ነው። አሠሪው በመስከረም 28 ሰው፣ በጥር 28 ሰው ቢያሰናብት 56 ሰው ሄዶም «ቅነሳ አልተደረገም» ሊል ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቅነሳ ሲሆን ከማኅበሩ ጋር መመካከር ግዴታ ነው፣ ማን ቀድሞ እንደሚወጣም በሕግ ቅደም ተከተል አለው፤ ችሎታና ምርታማነት እኩል ሲሆን አገልግሎቱ አጭር የሆነው ቀድሞ ይወጣል፣ አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ የተጎዱ፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች በመጨረሻ ነው የሚነኩት። ስለዚህ «በአንድ የቴክኖሎጂ ለውጥ ምክንያት በ12 ወራት ውስጥ የሚደረጉ ስንብቶች ሁሉ ቁጥራቸው ምንም ይሁን እንደ ሠራተኛ ቅነሳ ይቆጠራሉ» የሚል አንቀጽ አስገቡ። በዚህ መልስ ካለው ሁሉ አንድ ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይህን እመርጥላችኋለሁ።

በገንዘብ ሲታይ ይህን ይመስላል። የ11 ዓመት አገልግሎት ያላትና የቀን ደመወዟ 200 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። የሥራ ስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዟ በ30 ተባዝቶ 6,000 ብር ነው። ለቀሪዎቹ 10 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 2,000 ብር፣ በድምሩ 20,000። ጠቅላላ 26,000 ብር፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ስንብቱ በቅነሳ ከሆነ የቀን ደመወዟ በ60 ተባዝቶ 12,000 ብር ይጨመርና 38,000 ይሆናል። በቅነሳ ጊዜ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ይህ የሕጉ ወለል ነው፤ ኅብረት ስምምነት ከፍ ሊያደርገው እንጂ ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ከዚህ በላይ ልትጠይቁ የምትችሉት በፈቃዱ ለሚለቅ ተጨማሪ ክፍያ፣ ጡረታቸው ለተቃረበ ሰዎች እስከዚያ ድረስ በሥራ መቆየት፣ ቦታ ሲከፈት በ24 ወር ውስጥ ተመልሶ የመቀጠር ቅድሚያ ነው። የቅጥር እገዳም ጠይቁ፤ ነባሩ ሳይመደብ በኤጀንሲም ሆነ በጊዜያዊነት ሰው በዚያ መደብ አይቀጠር።

በሥራ ለሚቀሩት ደግሞ ደመወዝ። ወደ ዝቅተኛ መደብ የተዛወረ ሰው የነበረው ደመወዝ ይጠበቅለት። ብዙ ማሽን ለሚይዝና ስክሪን ለሚያነብ ሠራተኛ የሥራ መደቡ እንደገና ተመዝኖ ደረጃው ይስተካከል። በቁራጭ የሚከፈል ከሆነ፣ የቁራጭ ዋጋው ከ90 ቀን ሙከራ በፊት እንዳይነካ፣ ከዚያም በኋላ የሠራተኛው ገቢ ካለፉት 6 ወራት አማካይ እንዳይወርድ አስሩት።

በድርድሩ ላይ አሠሪው የሚፈልገውን ማወቅ ይጠቅማል። የሚፈልገው በአብዛኛው ሠራተኛን ከክፍል ወደ ክፍል በቀላሉ ማዛወርና ማሽኑ ሳይቆም መሥራቱን ነው። ይህን በጥንቃቄ መስጠት ትችላላችሁ፤ በምትኩ የሥራ ዋስትና ውሰዱ። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር በ1960 እ.ኤ.አ. ያደረገው ስምምነት በዚህ ይታወቃል፤ የድሮ የአሠራር ገደቦችን ለቅቆ በምትኩ ከቅነሳ ዋስትናና አሠሪዎቹ የሚከፍሉትን ፈንድ አገኘ። ዋጋው የተቆረጠው ግን ኮንቴይነር ምን ያህል ሥራ እንደሚያስቀር ሳይታወቅ ነበር፤ ቅሬታው አድጎ በ1971 ወደ ረጅም የሥራ ማቆም አመራ። ለእናንተ የሚሆነው ቁም ነገር የክፍያና የድልድል አንቀጾች ሙከራው ሲያልቅ እንደገና የሚከፈቱበትን ቀን አብሮ መጻፍ ነው። አዋጁ ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ስምምነቱን በማናቸውም ጊዜ ማሻሻል ይፈቅድላቸዋል፤ ቀኑ ቀድሞ ካልተጻፈ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ «ጊዜው ሲደርስ» ትባላላችሁ።

ስለ ጊዜ ሰሌዳው፦ የድርድር ጥያቄያችሁን በጽሑፍ፣ ከረቂቁ ጋር አቅርቡ፤ ጥያቄው የደረሰው ወገን በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ከዋናው ጉዳይ በፊት የድርድሩን ሥነ ሥርዓት ደንብ ተስማሙበት፤ ቃለ ጉባኤው በየዕለቱ በሁለቱም ወገን ይፈረም። አምስት ወር ብዙ አይምሰላችሁ። ነባሩ ስምምነት ካበቃ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ አዲሱ ካልተቋጨ የደመወዝና የሌሎች ጥቅሞች ድንጋጌዎች ተፈጻሚነታቸው ያበቃል፤ ይህን የሚያውቅ አሠሪ የቴክኖሎጂውን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ሊጎትተው ይችላል። ስለዚህ ከደመወዝ ጭማሪው በፊት ወይም ከእሱ ጋር ይቅረብ እንጂ በ«ልዩ ልዩ» ሥር ወደ ኋላ አይጣል። በመሐሉ ፌዴሬሽናችሁን አማካሪ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ካልተግባባችሁ አለመግባባቱን ለአስማሚ ማቅረብ ይቻላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ካልተፈታ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። ቅነሳም የኅብረት ስምምነት ይዘትም በቦርዱ የሚታዩ የወል ክርክሮች፣ ማለትም ሠራተኛውን በጋራ የሚመለከቱ ጉዳዮች፣ ናቸው፤ ያ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤና የተፈረመው ቃለ ጉባኤ ማስረጃ የሚሆኑት እዚያ ነው። ሥራ ማቆም የመጨረሻው መንገድ ሲሆን ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ አባላት በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መወሰን፣ ለአሠሪውና ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ምክንያቱን ገልጾ ማሳወቅ ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሠራተኛውን ለስንብት ያጋልጣል፤ የስብሰባውን የተገኙ ዝርዝር በፊርማ ያዙ።

ስምምነቱ ተፈርሞ ከተመዘገበ በኋላ ከሁለቱም ወገን እኩል ሰው ያለበት የቴክኖሎጂ ኮሚቴ በወር አንድ ጊዜ ይሰብሰብ፤ የማሽኑን የመቆሚያ ሪፖርት፣ የሰዓት መዝገቡን ቅሬታና የካሜራ ቅጂ የተከፈተባቸውን ቀናት ይይ። በሙከራው 90 ቀን ውስጥ ከመሣሪያው የተገኘ ቁጥር በማንም ላይ ለዲሲፕሊን አይውልም የሚለውንም በኮሚቴው መቋቋሚያ አንቀጽ ውስጥ አስገቡት፤ ኮሚቴው ሳይቋቋም ሙከራው እንደማይጀምርም ጨምሩበት።